የሰው አፍ፣ የመሣሪያ ጆሮ

በየካቲት 1933 ዓ.ም. በእንግሊዛዊው መኮንን በኦርድ ዊንጌት የሚመራው የጌዴዎን ጦር ከማንኩሳና ከቡሬ ምሽጎች ፊት ለፊት ሲደርስ በቁጥር ከጠላቱ እጅግ ያንስ ነበር። ጣሊያናዊው ኮሎኔል ናታሌ በዚያ መስመር ላይ በሺዎች የሚቆጠር ጦር አሰልፎ ነበር፤ ከወታደሮቹም ብዙዎቹ ራሳቸው ከቅኝ ግዛት የተመለመሉ አፍሪካውያን ነበሩ። ስለዚህ የጌዴዎን ጦር ከመትረየስና ከሞርታር ጋር ሌላ መሣሪያ ይዞ መጣ። ጋዜጠኛ የነበረው ጆርጅ ስቲር የሚመራው የቅስቀሳ ክፍል በድምፅ ማጉያ ወታደሩ እንዲከዳ፣ ባላገሩም ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው አገር መግባታቸውን እንዲያውቅ ይለፍፍ ነበር። ካርቱም ላይ በአማርኛ እየታተመ የሚሠራጨው «ባንዲራችን» የተባለ ጋዜጣም የዚሁ ሥራ አካል ነበር። በወሩ መጨረሻ ጣሊያኖች ቡሬን ለቀው በማንኩሳና በጂጋ አድርገው ወደ ደምበጫ አፈገፈጉ። ለዚህ ውጤት የጥይቱ ድርሻ ስንት፣ የቃሉ ድርሻ ስንት እንደሆነ መለየት አይቻልም። ለዚህ ጽሑፍ የሚያስፈልገን ሌላ ነገር ነው። በዚያ የካቲት በጎጃም ሜዳ ላይ የጮኸው መሣሪያ አፍ እንጂ ጆሮ አልነበረውም። አፉም ቢሆን የራሱ አልነበረም፤ ከበስተጀርባው ቋንቋውን የሚያውቅ፣ የትኛው ቃል ልብ እንደሚነካና የትኛው እንደሚያስቆጣ የሚመርጥ ሰው ነበር። ይህን በመካከል የቆመ ሰው በዓይናችን ይዘን እስከ ዛሬ ብንከተለው፣ ስለ አንጎልና ስለ ኮምፒውተር መገናኛ የሚወራው ሁሉ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ ይገለጥልናል።

ከነጻነት በኋላ መካከለኛው ሰው ወንበር ላይ ተቀመጠ። የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ታሪክ ሲነሣ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም አብሮ ይነሣል፤ እሳቸው የገጠማቸው ችግር ደግሞ ከዚያ ወዲህ የመጣውን መሣሪያ ሁሉ የገጠመ ነው። 26 ፊደል ላለው ቋንቋ የተሠራ መኪና፣ ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በየሰባት ቤታቸው ሲቆጠሩ ብቻ 231 የሚሆኑትን እንዴት ይሸከም? መልሱ ፊደሉን መቆራረጥ ሆነ። ግንዱ አንድ ጊዜ ይመታል፤ ቅጥሉ፣ እግሩና ቀለበቱ ደግሞ ለብቻው ተመትቶ ይለጠፍበታል። በዚህ መንገድ የተጻፈውን አሮጌ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያየ ሰው ፊደሉ ከብራና ጸሐፊው እጅ ምን ያህል እንደራቀ ያስተውላል። መሣሪያው ወደ ሰው አልመጣም፤ ሰው ነው ወደ መሣሪያው የሄደው። ቀድሞ ውጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን ፍርድ ቤቱና ጽሕፈት ቤቱ ወረቀት ይጠይቁ ጀመር፤ ወረቀቱን የሚያሰናዳው ደግሞ በደጅ የተቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ነበር። ገበሬው በደሉን በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ጸሐፊው ወደ መሥሪያ ቤት አማርኛ ይመልሰዋል። «ሰምቸ» ያለው «ሰምቼ» ይሆናል፤ የቁጣው ቃል ይለዝባል፤ ያልተናገረው ማዕርግ ይጨመራል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው የእርሻ ገቢ ግብር የጎጃምን ገበሬ ወደ አመፅ ሲያደርሰውም ከጠመንጃ በፊት አቤቱታ ቀድሞ ነበር፤ ሽማግሌዎች ተልከው ደጅ ጠንተዋል። የአቤቱታው ታሪክ የመካከለኛ ሰው ታሪክም ነው፤ የሚሰማው በደል በጸሐፊ ብዕርና በባለ ሥልጣን ጆሮ አልፎ የተረፈው ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም መሣሪያው ሳይታሰብ ጆሮ ማውጣት ጀምሮ ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር እ.ኤ.አ. በ1924 ከሰው ራስ ቆዳ ላይ የአንጎልን የኤሌክትሪክ ሞገድ መዘገበ፤ ውጤቱን ይፋ ያደረገው ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ደግሞ ዣክ ቪዳል ይህን ሞገድ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ይቻል እንደሆነ ጠይቆ ለመስኩ ስሙን ሰጠው። ይህ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ ገጠር የገባው በንግግር ሳይሆን በበሽታ በኩል ነው። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤት ለቤት አዳርሰው የሚጥል በሽታ ያለባቸውን 316 ሰዎች ለዩ፤ የአንጎል ሞገድ ምርመራም የጥናቱ ክፍል ነበር። ይህ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ብዙ ጊዜ በጠበልና በጸሎት ብቻ ሲታይ ለኖረ ሕመም የገጠሩ ሰው አንጎል በመስመር ተጻፈ ማለት ነው። ይህን የማነሣው «አንጎልን ማንበብ ለእኛ ገና የሩቅ ወሬ ነው» ለሚለው መልስ እንዲሆን ነው። የአንጎል ሞገድ በኢትዮጵያ ገጠር የተነበበው አዲስ አበባ ላይ ኢንተርኔት ከመዘርጋቱ በፊት ነው።

ኮምፒውተር ሲመጣ የፊደሉ ጥያቄ እንደገና ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ እነ ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በአሜሪካ ሆነው ግዕዝን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት ደከሙ፤ ብዙዎች ተከተሏቸው። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱን ኮድ ስለሚጠቀም ግን በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆን ነበር። ችግሩ በመሠረቱ የተፈታው የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት ነው። ይህ ሥራ ዘፈን አልወጣለትም፤ ነገር ግን ዛሬ የቡሬ ወጣት በስልኩ ላይ አማርኛ የሚጽፈው በእነዚያ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ነጋሪ የሚሻ ገድል ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ግን መሣሪያውን ወደ ኋላ የመለሰ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው፤ ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ሥዕሉ ይቀጥላል። መምህሩ በክፍለ ጊዜው መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ተሰጠው። የገጠር ልጆችን በከተማ ደረጃ ለማስተማር የታሰበ ቅን ዓላማ ነበረው፤ የመምህር እጥረትም እውነተኛ ነበር። ይሁንና የፕላዝማው ጉድለት የሥዕል ጥራት ሳይሆን መካከለኛውን ሰው ማስወገዱ ነበር። ከተማሪው ፊት ላይ ግራ መጋባትን አንብቦ ነገሩን በአማርኛ የሚደግመው መምህር ዝም እንዲል ተደረገ። ከ1933ቱ ድምፅ ማጉያ ጀርባ እንኳ ቋንቋ አዋቂ ነበር።

ሐምሌ 2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከኢትዮ ቴሌኮምና ከግብርና ተቋማት ጋር ሆኖ የ8028 የስልክ መስመርን ሲከፍት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። በነጻ ይደወላል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ተጀመረ፤ ገበሬው ቁጥር እየተጫነ ስለ ጤፍ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ በቆሎ የተቀዳ ምክር ይሰማል። ጥሪው በአጭር ጊዜ በሚሊዮን ተቆጠረ። ይህ ቁጥር ብዙ ይናገራል፤ ገበሬው ከመሣሪያ ይሸሻል የሚባለው ሐሜት መሠረት እንደሌለው ያሳያል። በቋንቋው ያናገረውን መሣሪያ ማንም አልገፋም። ሆኖም በ8028 ውስጥ ጥያቄውን አስቀድሞ የጻፈው ቢሮ ነው፤ ገበሬው ከተደረደሩለት መካከል ይመርጣል። በ2009 ዓ.ም. መጤው የአሜሪካ ተምች አገር ገብቶ በበቆሎ ላይ ሲዛመት፣ በቆሎ ሕይወቱ ለሆነ የቡሬ ወይም የጃቢ ጠህናን ገበሬ አስፈላጊው «ቅጠሉ እንዲህ ሆኖ ተበሳስቷል፣ እምብርቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ትል አለ» ብሎ መናገር ነበር። ቁጥር መጫን ይህን አይችልም። የቁጥሩ ዝርዝር የሚታደሰው ቢሮው ካወቀ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ የሚያውቀው ግን ማሳው ላይ የቆመው ሰው ነው።

እንግዲህ መሣሪያው የገበሬውን ንግግር ራሱ መስማት ነበረበት። ለዚህ መሠረት ከጣሉት አንዱ ሰሎሞን ተፈራ አባተ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 ከባልደረቦቻቸው ጋር ይፋ ያደረጉት የአማርኛ ድምፅ ስብስብ ከ100 ተናጋሪዎች የተቀዳ 20 ሰዓት ያህል ንባብ ነበር። አብዛኞቹ ተናጋሪዎች የአዲስ አበባውን አነጋገር የሚናገሩ ሲሆኑ የቀሩት ከሌሎች የአማርኛ ቀበልኛዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ አቅም፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2016፣ በድምፅ መጻፊያው ደግሞ በ2017 ጨመረ። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ ሶፊያ የተባለችውን ሮቦት ሶፍትዌር በመሥራት ተካፍሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አዲስ አበባ አመጣት፤ የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው በፊቷ ላይ ነበር። እኔ ግን ከሶፊያ ፊት ይልቅ የ20 ሰዓቱ ድምፅ ይበልጥብኛል። የሮቦት ፊት እንደገና ሊሠራ ይችላል፤ ያልተቀዳ አነጋገር ግን ለመሣሪያ እንደሌለ ነው። የጎጃም ሰው «በልቸ፣ ይዠ፣ ሰምቸ» ሲል ስህተት አይሠራም፤ የራሱን ሰዋስው ይናገራል። በአብዛኛው በከተማ ንባብ ያደገ መሣሪያ ይህን እንደ ስህተት ቆጥሮ ወደሚያውቀው ቢመልሰው፣ ፍኖተ ሰላም ደጅ የተቀመጠውን ራፖር ጸሐፊ ሥራ ወረሰ ማለት ነው። ልዩነቱ ጸሐፊው አጠገብህ ተቀምጦ ስለሚታይህ «እንዲህስ አላልሁም» ልትለው መቻልህ ነው።

በዚህ መሐል የአንጎሉ ጉዳይ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሕሙማን ዘንድ ደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እጅና እግሩ የማይንቀሳቀስ ሰው በሐሳቡ ፊደል ሲጽፍ ምልክቱን ከአንጎሉ አንብበው በደቂቃ 90 ፊደል አወጡ። በጥሬው የተነበበው ወደ 94 ከመቶ ትክክል ነበር፤ የቋንቋ ማረሚያ ሲታከልበት ከ99 ከመቶ አለፈ። በ2023 ይኸው ቡድን በበሽታ ምክንያት ንግግሯ የጠፋባትን ሴት የንግግር ሙከራ በደቂቃ 62 ቃል ወደ ጽሑፍ መለሰ። 125,000 ቃላት ባሉት መዝገብ ላይ ስህተቱ 23.8 ከመቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የተደረገው ለክርክሬ ዋናው ማስረጃ ነው፦ የተቀዳው የአንጎል ምልክት ሳይነካ የተሻለ የቋንቋ ሞዴል ቢገባበት ስህተቱ ወደ 17.4 ከመቶ ወረደ። አንጎሉ ያው ነው፤ ምልክቱን የሚቀዳው ኤሌክትሮድም ያው ነው፤ የተለወጠው መካከለኛው ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራው ደግሞ እስከ 97.5 ከመቶ ትክክለኛነት ደረሰ፤ መሣሪያውም ሕመምተኛው ከመታመሙ በፊት ከተቀዳው ድምፁ ተነሥቶ በራሱ ድምፅ ተናገረ። በዚያው ዓመት የኒውራሊንክ ኩባንያ 1,024 ኤሌክትሮዶች ያሉት መሣሪያ በመጀመሪያው ሰው አንጎል ተተከለ፤ ወሬው ሁሉ ወደዚያ ሄደ። የኤሌክትሮዱ ቁጥር መቁጠር ይቀላል። በመካከል ሆኖ ምልክቱን ወደ ቃል የሚመልሰው ሞዴል በማን ቋንቋ እንዳደገ መጠየቅ ግን ለእኛ የሚበልጠው ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ አለ። እነዚህ መሣሪያዎች የሚያነቡት ሐሳብን ሳይሆን አንጎል ለምላስ፣ ለከንፈርና ለጉሮሮ የሚሰጠውን ትእዛዝ ነው፤ ምላስ ደግሞ ዜግነት የለውም፤ ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተሠራው ለአማርኛም ይሆናል ይባላል። ተቃውሞው ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ስፓኒሽና እንግሊዝኛ ለሚናገር ሰው አንድ መሣሪያ ሠርተው፣ ከአንዱ ቋንቋ የተማረው ለሌላው እንደሚያግዝ አሳይተዋል። ሆኖም ሁለቱም የአውሮፓ ቋንቋዎች ናቸው፤ ለሁለቱም እጅግ ብዙ ጽሑፍና ድምፅ አለ። አማርኛ በጉሮሮ ተይዘው የሚፈነዱትን ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ ይዞ ይመጣል፤ እንግሊዝኛ እነዚህን ለቃል መለያ አይጠቀምባቸውም። «ገና» ሲላላ አንድ ነገር፣ ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ፊደላችን ራሱ ይህን አይጽፍም። የቻይና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 የቋንቋቸውን የድምፅ ከፍታና ዝቅታ ከአንጎል ለማንበብ የራሳቸውን ጥናት የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ደግሞስ 125,000 ቃል ለእንግሊዝኛ ብዙ ነው። አማርኛ ግን «ስላልነገርኋቸው» በሚል በአንድ ቃል ምክንያቱን፣ አሉታውን፣ ተናጋሪውንና ተነጋሪዎቹን ይጠቀልላል፤ ከአንድ ግሥ የሚወጣው ቅርጽ በመዝገብ ተለቅሞ አያልቅም። የምላሱ ትእዛዝ ሊጋራ ይችላል፤ ከዚያ ትእዛዝ ቃል የሚያወጣው ክፍል ግን ከቋንቋው ውስጥ ካልተወለደ የሚያወጣው የሌላ ሰው ቃል ነው።

ሌላው ተቃውሞ ከችግራችን የሚነሣ ነው፤ ሐኪምና መብራት ለጎደለው ወረዳ ይህን ማውራት ቅንጦት ነው ይላል። ስለ ቀዶ ሕክምናው ከሆነ እውነት አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ ፊት ያለባቸው ሥራ የአደጋና የዕጢ ሕሙማንን ማትረፍ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ የምለው ግን ለአንጎል መሣሪያ የሚያስፈልገው የቋንቋ ሥራና ለ8028 የሚያስፈልገው አንድ መሆኑን ነው። የቡሬን ገበሬ ንግግር ቀድቶ፣ ጽፎ፣ አርሞ ማስቀመጥ ዛሬ ስለ ተምች የሚጠይቀውን ሰው ያገለግላል። ነገ በስትሮክ አንደበቱ የተያዘውን ሰው በዓይኑ እንቅስቃሴ እንዲጽፍ ያግዛል። ከነገ ወዲያ ኤሌክትሮድ ሲመጣ ያው መዝገብ ይጠብቀዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያው ብቻ ቢሳካ እንኳ ድካሙ አልባከነም። ደግሞም መዝገቡና ሞዴሉ በሩቅ አገር ኮምፒውተር ላይ ብቻ መቀመጥ የለበትም። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በኢንተርኔት ብቻ የሚናገር ታማሚ በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ያስጨንቃል።

የመጨረሻው ተቃውሞ ከሁሉ ይከብዳል፣ እኔም በቀላሉ አላልፈውም። ነሐሴ 2025 (እ.ኤ.አ.) የስታንፎርድ ቡድን ለመናገር ሳይሞከር በውስጥ ብቻ የታሰበን ቃል ከ125,000 መካከል እስከ 74 ከመቶ ትክክለኛነት እንዳነበበ ይፋ አደረገ። እንግዲህ ነገሩ ከከንፈር ትእዛዝ አልፎ ወደ ሆድ ቀረበ። በእኛ ዘንድ «ሆድ ይፍጀው» ብሎ ዝም ማለት ሽንፈት አይደለም፤ ጎረቤት፣ ዘመድና ባለ ሥልጣን የሚያዝበት ጥበብ ነው። ጎጃም በቅኔ ትምህርት ቤቶቿ የምትታወቀውም የሚነገረውንና የሚደበቀውን በአንድ ቃል በማኖር ነው። ይህን ዝምታ የሚሰብር መሣሪያ ቢመጣ ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል ቢባል አልከራከርም። ነገር ግን ያው ጥናት መልስም ይዞ መጥቷል። ሕመምተኛው የተወሰነ የይለፍ ሐረግ በልቡ እስካላሰበ ድረስ መሣሪያው እንዳይሰማ አድርገው ሠርተውታል፤ ሐረጉንም ከ98 ከመቶ በላይ በትክክል ለየ። ቺሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንጎልን መረጃ ጥበቃ በሕገ መንግሥቷ አስገብታለች። እኛም በ2016 ዓ.ም. የወጣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን፤ የጤናና የአካል መለያ መረጃን በተለየ ጥንቃቄ ያስቀምጣል። የአንጎል ምልክት በስሙ ተጠርቶ በዚያ እንዲገባ መጠየቅ የሚሻለው አንድም ኤሌክትሮድ አገር ሳይገባ፣ ጥቅሙ የተነካበት ነጋዴም ሳይኖር ነው። በቋንቋው ሥራ ላይም ያው ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የገበሬው ድምፅ ሲቀዳ ለምን እንደሚቀዳ በራሱ አነጋገር ሊነገረው፣ እምቢ የማለት መብቱም ከፊርማው በፊት ሊታወቅ ይገባል።

በዚህ መካከል ሥራው ራሱ ቀላል ነው። አንድ መቅጃ፣ አንድ ቋንቋውን የሚያውቅ ወጣት፣ አንድ የገበያ ቀን። የቡሬ እናት ስለ በቆሎዋ «ሰምቸ መጣሁ» ስትል የሚቀዳው «ሰምቸ» መሆን አለበት፤ በኋላ የሚያዳምጠው ባለሙያም እጁ ወደ «ሰምቼ» ቢሄድበት መልሶ እንደተነገረው ይጻፈው።